ድምፅና ጨለማ የሚረብሸውን ልጅ ቴአትር ስትወስዱ

ልጃችሁ እንደኔው ልጅ ጫጫታና ድንገተኛ ጨለማ የሚረብሸው ከሆነ፣ ከትርኢቱ ቀን በፊት ደጁን አሳዩት። እኛ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ያለውን የድንጋይ አንበሳ ሁለት ቀን ዞረነው ብቻ ተመለስን። በሦስተኛው ቀን «አንበሳዬ ጋ» እያለ እሱው ጎተተኝ።

ትኬት ስትቆርጡ ከዳር፣ ለበሩ የቀረበ ወንበር ጠይቁ። በር ላይ ላለውም ሰው «መሃል ላይ ወጣ ብለን እንመለሳለን» በሉት፤ ቀድሞ ከተነገረው አያስቸግርም።

ድምፁና መብራቱ ለነዚህ ልጆች ተብሎ ቀለል የተደረገ ትርኢት ቢሆንም እንኳ የጆሮ መሸፈኛ አይቅር። ጭብጨባውን ማን ይቀንሰዋል? እሱን ቤት ውስጥ አለማምዱት፤ መጀመሪያ በሁለት ጣት፣ ቀጥሎ በመዳፍ፣ መጨረሻ ላይ ቤተሰቡ በሙሉ። የኛው የአያቱን ነጠላ ጫፍ ካልጨበጠ አይቀመጥም፤ ስለዚህ ሦስት ትኬት እንቆርጣለን።