ከጎሮ ሰማይ ሥር፦ አውሮፕላን ስንለይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አዲስ አበባ፣ ቦሌ ኤርፖርት አቅራቢያ፣ ጎሮ የሚኖር ሰው አውሮፕላን ሳያይ አይውልም። የሰፈራችን ልጆች ገና ድምፁን ሲሰሙ ስሙን ለመጥራት ይሽቀዳደማሉ። እኔም ከእነሱ ጋር በረንዳ ላይ ብዙ አምሽቻለሁ። የሚያሳስቱን ነገሮች ሁሌም እነዚያው ናቸው።

አንዱ በጅራት ቀለም ብቻ መፍረድ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ካየን «የእኛ ነው» እንላለን። ጅራቱ ጥቁር ከሆነና የብር ቀለም ያለው ኮከብ ካለበት ግን የውጭ ይመስለናል። ያ የስታር አላያንስ ቀለም ነው። ስታር አላያንስ ደግሞ የአየር መንገዶች ኅብረት እንጂ አየር መንገድ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 ገብቶበታል፤ አባላቱም ጥቂት አውሮፕላኖቻቸውን በኅብረቱ ቀለም ይቀባሉ። ባለቤቱን ለማወቅ ከፊት በኩል በትንሹ የተጻፈውን ስም ፈልጉ።

«ኢቲ» (ET) የሚለውም ያምታታል። የአየር መንገዱ የበረራ ቁጥር በኢቲ ይጀምራል፤ አገር ውስጥ የተመዘገበ አውሮፕላን ሁሉ ምዝገባም እንዲሁ በኢቲ ይጀምራል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ምዝገባው እንደ መኪና ታርጋ ነው፤ የተመዘገበበትን አገር እንጂ ድርጅቱን አይናገርም። ስለዚህ ኢቲ ያለባት ትንሽ የቻርተር አውሮፕላን የሌላ ድርጅት ልትሆን ትችላለች።

ልጆቹን በጣም የሚያከራክራቸው ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ነው። ሁለቱም ወደ አፍሪካ የገቡት በእኛ አየር መንገድ በኩል ነው፤ 787 እ.ኤ.አ. በ2012፣ ኤ350 በ2016። በመጠን ብቻ ለመለየት አትሞክሩ፣ ትሳሳታላችሁ። መጀመሪያ የአብራሪዎቹን መስኮት እዩ። ኤ350 ዙሪያው ጥቁር ነው፣ መነጽር ያደረገ ይመስላል። ቀጥሎ የክንፉን ጫፍ እዩ። የኤ350 እንደ ማጭድ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ የ787 ሹል ሆኖ ወደ ኋላ ያዘነብላል። የ787 ሞተር ከኋላ ጠርዙ የመጋዝ ጥርስ አለው። ግን 737 ማክስም ይህ ጥርስ አለው፤ እሱ በጣም ያንሳል፣ የክንፉም ጫፍ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ነው።

ጎማ መቁጠር ደስ የሚል ዘዴ ነው፤ አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲቃረብ ጎማው ወጥቶ ይታያል። ድሮ ከክንፉ ሥር ካሉት ዋና እግሮች በአንዱ ላይ ስድስት ጎማ ካየን «777» ብለን እንጨርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ኤ350-1000 ከመጣ ወዲህ አይሠራም፤ እሱም ስድስት ነው። 787 እና ኤ350-900 አራት አራት ናቸው።

መስኮት የሌለው ሁሉ የጦር አውሮፕላን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጭነት የሚያመላልስ ነው።

ትዕዛዝን ካለው አውሮፕላን ጋር መደመርም አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ከቦይንግ ጋር በተደረገው ስምምነት «67 አውሮፕላን ተገዛ» ሲባል ሰምቻለሁ። ቁርጥ ትዕዛዙ 31 ነበር፦ 11 የ787 እና 20 የ737 ማክስ። ሌላው ወደፊት የመግዛት መብት ነው። የታዘዘውም ቢሆን ቦሌ እስኪያርፍ ድረስ አየር መንገዱ ካሉት አውሮፕላኖች ቁጥር አይገባም።

አንዲት ጎረቤታችን እማማ ትልቅ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲነሳ ባዩ ቁጥር ያማትባሉ፦ «ኧረ ልጄ፣ መውጣት አቃተው እኮ!» እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው፦ ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያንሳቸዋል። ነዳጅ የሞላ አውሮፕላን ረጅም ተንደርድሮ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ዝቅ ማለቱ የብልሽት ምልክት አይደለም።

ልጆች ላሏችሁ ደግሞ አደራ፦ ስልክ ይዘው ወደ ኤርፖርቱ አጥር እንዳይጠጉ። ያለ ፈቃድ እዚያ ፎቶ ማንሳት ከጥበቃዎች ጋር ያጋጫል። ደብተር ግዙላቸው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዓይነቱን፣ የተነበበውን ምዝገባ ይጻፉ። ያልታያቸውን ፊደል በግምት አይሙሉት፤ ባዶ ይተዉት።