ወደ እግዚአብሔር በመቅረብና ስለ እርሱ በመመስከር ረገድ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ላይ ጌታ ኢየሱስ በቅፍርናሆም ብዙ ሕሙማንን ሲፈውስ ካመሸ በኋላ፣ ማለዳ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ወደ ምድረ በዳ በመሄድ ሲጸልይ እናያለን። ስምዖንና አብረውት የነበሩት ተከትለው ሲያገኙትና ሰው ሁሉ እየፈለገው መሆኑን ሲነግሩት፣ በሌሎች መንደሮችም ይሰብክ ዘንድ እንዲሄዱ ነገራቸው። ጸሎቱና ስብከቱ በአንድ ማለዳ የተያያዙ ናቸው። ብዙዎቻችን ግን ሁለቱን ነጣጥለን ጸሎትን ለጸሎተኞች፣ ምስክርነትን ለወንጌላውያን ትተናል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ መነጣጠል የሚመነጩ ይመስለኛል።

አስቀድሞ መታረም ያለበት ጸሎትን ጉዳይ ማቅረቢያ ብቻ ማድረግ ነው። ሥራን፣ ትዳርን፣ ፈውስን፣ ቪዛን ሳይቀር ወደ እግዚአብሔር ማቅረብ ተገቢ ነው፤ ጌታ ያስተማረን ጸሎትም የዕለት እንጀራን ይለምናል። ይሁን እንጂ እንጀራው የሚለመነው ስሙ እንዲቀደስ፣ መንግሥቱ እንድትመጣና ፈቃዱ እንዲሆን ከተጸለየ በኋላ ነው። የጎደለውን ዘርዝሮ ወዲያው «አሜን» ብሎ የሚነሣ ሰው የእግዚአብሔርን ስጦታ ያውቅ ይሆናል፤ ሰጪውን ለማወቅ ግን ጊዜ አልሰጠም። በዚህም ምክንያት ለሌላው ሲመሰክር የሚናገረው ስላገኘው ነገር ብቻ ይሆናል። የሰማውም ሰው ያንኑ ፍለጋ ይመጣል፤ ሳያገኝ ሲቀር ደግሞ በመጣበት ይመለሳል።

ከዚህ ጋር የሚቀራረበው በሌሎች ንባብ መኖር ነው። በቴሌግራም የሚላክ የዕለቱ ጥቅስ፣ በዩቲዩብ የሚደመጥ ስብከት ሁሉ ይጠቅማል፤ ነገር ግን መጽሐፍ ቅዱስን ከፍቶ ምዕራፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብን አይተካም። በብዙዎቻችን ስልክ ላይ የሚገኘውን ኤርምያስ 29፥11ን እንመልከት። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ያለው አሳብ የሰላም እንጂ የክፉ አለመሆኑን የሚናገረው ይህ ቃል የተጻፈው ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ነው። ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥር 10 ደግሞ መመለሳቸው ከ70 ዓመት በኋላ እንደሚሆን ይናገራል፤ ምዕራፉም ቤት ሠርተው፣ አትክልት ተክለው፣ ስለ ተማረኩባት ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ ያዝዛቸዋል። ይህን ያነበበ ሰው በስደት ወይም በችግር ላለ ወንድሙ የሚያካፍለው ቃል ነገ ሁሉም ነገር ይስተካከላል ከሚል የችኮላ ተስፋ እጅግ የጠለቀ ይሆናል።

«እኔ ገና አልበሰልኩም፤ ምስክርነት የአገልጋዮች ነው» ማለትም ትሕትና ቢመስልም ስህተት ነው። በ1929 ዓ.ም በጣሊያን ወረራ ጊዜ የውጭ ሚስዮናውያን ከወላይታ እንዲወጡ ሲደረግ፣ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በቋንቋቸው የነበራቸው የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍልም ጥቂት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት 10,000 ያህል አማኞችን ነው። ወንጌሉን ከቤት ወደ ቤት ያደረሱት ገበሬዎችና እናቶች ነበሩ። በ1974 ዓ.ም ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሲዘጋ ደግሞ 5,000 ያህል የነበሩት አባላት በየቤቱ በትናንሽ ቡድኖች ተሰብስበው እየጸለዩና እያስተማሩ በ1983 ዓ.ም ከ30,000 በላይ ሆነው ወጡ። እነዚህ ምእመናን ሁሉንም ነገር እስኪያውቁ ድረስ ቢጠብቁ ኖሮ ማን ይናገር ነበር?

በእኔ እምነት ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው የሌላውን እምነት በማንቋሸሽ መጀመር ነው። በአገራችን አዲስ አማኝ የሆነ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚመሰክረው ስለ እግዚአብሔር ሰምቶ ለማያውቅ ሰው ሳይሆን፣ የዐቢይን ጾም 55 ቀን ለምትጾምና ሌሊት ተነሥታ ቤተ ክርስቲያን ለምትስም እናቱ ነው። ይህ ወጣት ወደ ቤት ገብቶ በጾሟ ላይ ሲከራከር፣ በበዓል ቀን ያቀረበችለትን ማዕድ ሲገፋ፣ ጎረቤት ሲሞት ለቅሶ ሳይደርስ ሲቀር፣ በእናቱ ልብ የሚቀረው «ልጄን ወሰዱብኝ» የሚል ሐዘን ብቻ ነው። በክርክሩ ቢረታት እንኳ ከዚያ ወዲያ የሚናገረውን አትሰማውም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ፊልጶስ ያገኘው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ የሚመለስ ሰው ነበር። ፊልጶስ መጀመሪያ የሚያነበውን አደመጠ፤ ቀጥሎም የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ጠየቀው፤ ጃንደረባው ሲለምነውም ሠረገላው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ከዚያም ጃንደረባው ከያዘው ከኢሳይያስ መጽሐፍ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ነገረው። ልጅም ለእናቱ እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል። ከወትሮው ይልቅ ይታዘዛት፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ይትከል፤ የምትጸልይበትን ነገር ይጠይቃት፤ ፈቃዷ ሲሆን ከራሷ መጽሐፍ ቅዱስ ወንጌል ያንብብላት። ይህን ስል የእምነት ልዩነት ይደበቅ ማለቴ አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ 3፥15 ላይ ስላለን ተስፋ ለሚጠይቁን ሁሉ መልስ ለመስጠት እንድንዘጋጅ፣ መልሱም በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን ያዝዛል። እንግዲህ ሰው እንዲጠይቀን የሚያደርግ ኑሮ ከመልሱ መቅደም አለበት።

ለተቸገረ ሰው የሚሰጥ እርዳታም በምንም መልኩ የምስክርነት ዋጋ መሆን የለበትም። ወደ ጉባኤ ቢመጣም ባይመጣም ይሰጠው፤ አለበለዚያ እምነቱ ከልቡ ይሁን ከችግሩ እርሱ ራሱም መለየት ያቅተዋል።

በመጨረሻም «ጌታን ተቀበለ» ተብሎ እልል ከተባለለት በኋላ አዲሱን አማኝ ብቻውን መተው አለ። ጳውሎስ በቆሮንቶስ አንድ ዓመት ከስድስት ወር፣ በኤፌሶን ሦስት ዓመት ያህል የተቀመጠው መስበክ ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ብዙ ዕውቀት የሌለው ሰውም ቢሆን ከአዲስ አማኝ ጋር የዮሐንስን ወንጌል 21 ምዕራፎች በሳምንት አንድ አንድ እያነበበ አምስት ወር ያህል አብሮት ሊጓዝ ይችላል። በየንባቡ መጨረሻ ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ ይህ ክፍል ስለ ኢየሱስ ምን ይነግረናል? እኛስ በዚህ ሳምንት ምን እንድናደርግ ይጠይቀናል? ለሥራ ዐረብ አገር ለሄደችና የእረፍት ቀን ለሌላት እህት ምዕራፉ ቢከብዳት፣ ጥቂት ቁጥሮችን በድምፅ መልእክት ልኮ ሥራዋን ስትጨርስ መልሷን መጠበቅ ይቻላል። ባትመልስም በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ መላክ ነው።