ሜይሉን ሳትነኩ ዝርዝሩን ከተርሚናል ማየት

ሥራዬ የሰዎች ሜይል የሚቀመጥበትን ሰርቨር መጠበቅ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ጥያቄ አጭር ነው። «ትናንት የተላከልኝ ደርሷል?» «እዚህ ፎልደር ውስጥ ምን ምን አለ?» ይህን ለመመለስ የማንንም ደብዳቤ ገልጦ ማንበብ አያስፈልግም። ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደገባና ርዕሱ ከታወቀ በቃ። ለዚህ ደግሞ ተርሚናልን፣ ትእዛዝ እየተጻፈ የሚሠራበትን መስኮት፣ የሚያክል የለም። ሺህ መልእክት ያለበትን ፎልደር ብሮውዘር እስኪከፍት ድረስ ተርሚናሉ ጨርሶ ይጠብቃችኋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለኝም። ዝርዝር ስታዩ ምንም ነገር መቀየር የለበትም። ያልተነበበው ያልተነበበ ሆኖ ይቆይ። ባለቤቱ ኢንቦክሱን ሲከፍት አዲሱ መልእክት እንደተነበበ ሆኖ ከጠበቀው ሳያየው ያልፋል። ከዚህ በታች ያሉትን መንገዶች የመረጥኳቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ትእዛዞቹን እንደሚጠሩበት ነው የጻፍኳቸው። ኪቦርድ ላይ በላቲን ፊደል ትተይቧቸዋላችሁ።

መጀመሪያ ሜይሉ በምን መልክ እንደተቀመጠ እወቁ። እዚያው ማሽኑ ላይ ካለ ፎልደሩን ዝርዝር በሚያወጣው «ኤልኤስ» እዩት። «ከር»፣ «ኒው» እና «ቲኤምፒ» የሚባሉ ሦስት ፎልደሮች ካገኛችሁ ሜይልዲር ነው። ሁሉም ነገር አንድ ትልቅ ፋይል ከሆነ ኤምቦክስ ነው።

ሜይልዲርን በጣም እወደዋለሁ። ዳንኤል በርንስታይን ኪውሜይል ለሚባለው የሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ያወጣው አሠራር ሲሆን እያንዳንዱ መልእክት የራሱ ፋይል አለው። ስለዚህ ፋይል ዘረዘራችሁ ማለት ሜይል ዘረዘራችሁ ማለት ነው። ገና የደረሰ መልእክት «ኒው» ውስጥ ይገባል። የሜይል ፕሮግራም ካገኘው በኋላ ወደ «ከር» ይዛወራል። «ቲኤምፒ» ውስጥ ያለው ገና በመጻፍ ላይ ያለ ነው፣ እሱን ተዉት። ሌሎቹ ፎልደሮች፣ ለምሳሌ የተላኩት፣ ብዙ ጊዜ ስማቸው በነጥብ ስለሚጀምር ባዶ «ኤልኤስ» አያሳያቸውም። «-ኤ» ጨምሩበት፣ ሁሉም ይወጣሉ።

የፋይሉን ስም ጠጋ ብላችሁ እዩት፣ ብዙ ነገር ይነግራችኋል። ስሙ በአስር አሃዝ ይጀምራል እንበል፣ 1700000000። ይህ ከ1970 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ የተቆጠረ ሴኮንድ ነው። «ዴት -ዲ» ብላችሁ ከፊቱ የ@ ምልክት አድርጋችሁ ስጡት፤ ኖቬምበር 2023 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ላይ የዋለውን ቀን ከነሰዓቱ ያወጣላችኋል። «ኤልኤስ» በስም ቅደም ተከተል ስለሚደረድር ዝርዝሩ ያለምንም ድካም በገቡበት ሰዓት ተሰልፎ ይመጣል።

«ከር» ውስጥ ደግሞ የስሙ መጨረሻ ላይ «:2,» አለች፤ ከሷ ቀጥሎ ፊደላት ይኖራሉ። ኤስ ካለ ተነቧል። አር ካለ መልስ ተሰጥቶበታል። ኤፍ ኮከብ የተደረገበት ነው። ቲ ደግሞ ለመጥፋት ተራ የሚጠብቅ ነው። ያልተነበቡትን ለማየት የ«ከር»ን ዝርዝር ጽሑፍ ፈልጎ ወደሚለየው «ግሬፕ -ቪ» በ| ምልክት ላኩና ከ«:2,» በኋላ ትልቁ ኤስ ያለባቸውን አስወጡ። የቀሩት ላይ «ኒው» ውስጥ ያሉትን ደምሩ። አንድም ደብዳቤ ሳይከፈት ያልተነበበው ታወቀ።

ርዕሶቹን ስትፈልጉ «ግሬፕ» ሥራውን ይሠራል። በመስመር መጀመሪያ ላይ «ሰብጀክት:» የሚለውን እንዲፈልግ ንገሩት። «-አይ» ትልቅና ትንሽ ፊደል እንዳይለይ ያደርገዋል። «-ኤም1» ደግሞ ከእያንዳንዱ ፋይል የመጀመሪያውን ብቻ ወስዶ እንዲያልፍ ያደርገዋል። ይህችን አትርሷት፤ ያለሷ ደብዳቤው ውስጥ ተያይዞ የመጣ የድሮ መልእክት ካለ የሱንም ርዕስ ይለቅምላችኋል። ፋይሎቹን በኮከብ ምልክት አትስጡት። መልእክቱ እጅግ ሲበዛ ትእዛዛችሁን የሚቀበለው ሼል ዝርዝሩ ረዘመብኝ ብሎ እምቢ ይላል። «-አር» ብላችሁ የፎልደሩን ስም ብቻ ስጡት። ረጅም ርዕስ ወደ ቀጣዩ መስመር ስለሚወርድ ተቆርጦ ቢታያችሁ አትደንግጡ፣ ለዝርዝር የመጀመሪያው መስመር ይበቃል።

ኤምቦክስ አጭር ነው። ሁሉም መልእክት አንድ ፋይል ውስጥ ተከታትሎ ተጽፏል፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው «ፍሮም» ብሎ የሚጀምር መስመር ነው። ልብ በሉ፣ ከ«ፍሮም» ቀጥሎ ባዶ ቦታ እንጂ ሁለት ነጥብ የለም። ባለ ሁለት ነጥቡ የላኪው ሄደር፣ ማለትም ከደብዳቤው በላይ ያለው የመረጃ መስመር ነው። ንጹህ ሰንጠረዥ ከፈለጋችሁ «ሜይል -ኤች -ኤፍ» ብላችሁ የፋይሉን ስም ስጡ፤ ኤች በትልቁ፣ ኤፍ በትንሹ። ዝርዝሩን አትሞ ይወጣል። ያለ «-ኤች» ገብታችሁ የሲስተሙን ኢንቦክስ ከከፈታችሁ ግን ስትወጡ «ኪው» አትበሉ። «ኪው» ያነበባችሁትን ከኢንቦክሱ አንስቶ የቤት ፎልደራችሁ ውስጥ ወዳለ ሌላ ፋይል ያዛውረዋል። ሰው «ሜይሌ ጠፋ» ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው። «ኤክስ» ብላችሁ ውጡ፣ ሁሉም እንደነበረ ይቀራል።

ሜይሉ ሌላ ሰርቨር ላይ ከሆነ የምትነጋገሩት ሜይል ከሰርቨር በሚጠየቅበት ቋንቋ፣ በአይማፕ ነው። ማርክ ክሪስፒን በ1986 እ.ኤ.አ. የጀመረው ፕሮቶኮል ነው፤ በእጅ ተጽፎ የሚሠራ መሆኑ ዛሬም ያስደስተኛል። «ኦፕንኤስኤስኤል ኤስ_ክላየንት» በሚለው ትእዛዝ ከሰርቨሩ ጋር በፖርት 993 ተገናኙ። «-ሲአርኤልኤፍ» እና «-ክዋየት» ጨምሩበት። «-ክዋየት» ከሌለ በትልቁ አር ወይም ኪው የሚጀምር መስመር ስትጽፉ ፕሮግራሙ ለራሱ የተሰጠ ትእዛዝ አድርጎ ይወስደዋል።

ከዚያ እያንዳንዱ መስመር ፊት ኤ1፣ ኤ2 እያላችሁ መለያ እያደረጋችሁ ቀጥሉ። «ሎግኢን» ከስምና ከፓስወርድ ጋር። እንደ ጂሜይል ያሉ አገልግሎቶች የዘወትሩን ፓስወርድ ስለማይቀበሉ ከአካውንታችሁ ሴቲንግ ውስጥ አፕ ፓስወርድ የሚባለውን አውጡ። ፓስወርዱ ስክሪን ላይ በግልጽ ስለሚታይ ከኋላችሁ ሰው አለመኖሩን እዩ። ቀጥሎ «ሊስት» ብላችሁ የፎልደሮቹን ስም አስወጡ። በአማርኛ የተሰየመ ፎልደር በ& ምልክትና በኢ ፊደል ጀምሮ የማይነበብ ነገር ሆኖ ይመጣል። ስትጠሩትም እንደዚያው፣ እንደመጣው ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። አብዛኛው ሰው ፎልደር የሚከፍተው በ«ሴሌክት» ነው። እናንተ በ«ኤግዛሚን» ክፈቱ። ሥራው ያው ነው፣ ግን ፎልደሩን ለማየት ብቻ ነው የሚከፍተው። ሰርቨሩ ሲመልስ ስንት መልእክት እንዳለ ይነግራችኋል። 4312 ካለ ሁሉንም አትጠይቁ፣ 4293:4312 ብላችሁ የመጨረሻዎቹን ሃያ ጠይቁ። መጠየቂያው «ፌች» ነው። ቁጥሮቹን ካስቀመጣችሁ በኋላ «ቦዲ.ፒክ» ብላችሁ በማዕዘን ቅንፍ [ ] ውስጥ «ሄደር.ፊልድስ» ጻፉ፤ ቀጥሎ እዚያው ውስጥ በክብ ቅንፍ «ፍሮም ሰብጀክት ዴት»። «ፒክ» የምትለዋን እንዳትዘሏት። «ቦዲ» ብቻውን ከሆነና ፎልደሩ በ«ሴሌክት» ከተከፈተ ሰርቨሩ መልእክቱን እንደተነበበ ይመዘግበዋል። ያልተነበቡትን ብቻ ከፈለጋችሁ «ሰርች አንሲን» ቁጥሮቻቸውን ይሰጣችኋል። ስትጨርሱ «ሎግአውት»።

አማርኛ ርዕሶች ላይ አንድ ችግር ይገጥማችኋል። ሄደር ላይ ፊደላችን እንዳለ አይመጣም። እኩል ይሆናል ምልክትና ጥያቄ ምልክት ተደርጎ ዩቲኤፍ-8 ይልና፣ ሌላ ጥያቄ ምልክት፣ ቢ፣ ከዚያ የተዘበራረቀ ላቲን ይከተላል። ይህ ቤዝ64፣ ማንኛውንም ጽሑፍ በላቲን ፊደልና ቁጥር የሚጽፍ ዘዴ ነው። እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሚይዝ ቤዝ64 ውስጥ ልክ አራት ምልክት ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሁልጊዜ 4 እና ትልቁ ዋይ ናቸው። ለዚህ ነው ዓይናችሁ ሲለምድ ርዕሱ በ4ና በዋይ ሲጀምር አማርኛ መሆኑን የምታውቁት። ባዶ ቦታ አንድ ባይት ብቻ ስለሆነ ከመጀመሪያው ቃል በኋላ አሰላለፉ ይዛነፋል። ለማንበብ ከቢ ቀጥሎ ባለው ጥያቄ ምልክትና በመጨረሻው ጥያቄ ምልክት መካከል ያለውን ቆርጣችሁ «ቤዝ64 -ዲ» ለሚለው ትእዛዝ ስጡት። ርዕሱ በአማርኛ ይወጣል።

ብዙ ርዕስ ሲሆን አንድ በአንድ መፍታት ያደክማል። እንዲህ ሲሆን እኔ ሚውት በሚባለው የተርሚናል ሜይል ፕሮግራም «ሚውት -አር -ኤፍ» ብዬ ፎልደሩን እከፍታለሁ፤ አር በትልቁ። ሜይልዲርም ኤምቦክስም ያነባል፣ አማርኛውንም ራሱ ይፈታዋል። ትልቁ አር ደግሞ ፎልደሩ ለማየት ብቻ እንዲከፈት ያደርጋል። ተርሚናላችሁ የግዕዝ ፊደል ያለበት ፎንት ከሌለው ግን የምታዩት ባዶ ሳጥን ብቻ ስለሆነ ፎንቱን ቀድማችሁ አስገቡ።