ትኩረትን በድሬ ሰዓት መጠበቅ፦ ከስልክ ጋር ለምንታገል ሰዎች

ስለ ትኩረት ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ከጠዋት 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቢሮ ለሚቀመጥ የብርድ አገር ሰው ነው። የኛ ቀን እንደዛ አይደለም። ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ ፕሮግራም የምታወጣው ፀሐይዋ ናት፣ ጠዋት ቀዝቀዝ ባለበት ይሠራል፣ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ሱቁ ይዘጋል ሰዉም ቤቱ ይገባል፣ ወደ 10 ሰዓት ከተማው እንደገና ይከፈታል፣ ማታ ደግሞ ሁሉም ደጅ ነው። ስለዚህ ትኩረታችንን ማስመለስ ካለብን በዚሁ በራሳችን ሰዓት ነው ባይ ነኝ፣ በሌላ ሰው ሰዓት ሞክሮ የተሳካለት እምብዛም አላየሁም።

ሴቲንግ መነካካት ከመጀመራችሁ በፊት ግን ወረቀት አውጡና ይሄን ሰዓት የምፈልገው ለምንድን ነው የሚለውን ጻፉ። አንድ ነገር ብቻ፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት። «ራሴን መለወጥ» አይባልም፣ ምን እንደሆነ አይታወቅማ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተና ማለፍ፣ የሱቁን ሒሳብ ደብተር ላይ ማስያዝ፣ ልጄን ማታ ማታ ሒሳብ ማስጠናት፣ ቁርአን ወይ ዳዊት መድገም፣ እንደዛ የሚጨበጥ ነገር። አልጋችሁ ራስጌ ለጥፉት። አቦ ይሄን የምለው ለወጉ አይደለም፣ ምን እንደምትፈልጉ ሳታውቁ ስልኩን ብቻ ብታስቀምጡት ባዶ ሰዓት ነው የሚተርፋችሁ፣ ባዶውን ሰዓት ደግሞ መልሶ የሚሞላው ያው ስልኩ ነው።

ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ያለው የድሬ ምርጡ ሰዓት ነው፣ አየሩም ጥሩ ነው ጭንቅላትም አልደከመም። ያቺ ወረቀት ላይ ያለችውን ነገር ቢያንስ አንድ ሰዓት ሥሩባት፣ ከዛ በፊት ቴሌግራም አይከፈት። ስልኩ ሌሊት ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፣ መኝታ ቤት አይግባ፣ መቀስቀሻ ካስፈለጋችሁ ታይዋን ገበያ ወጣ ብላችሁ ተራ የጠረጴዛ ሰዓት ግዙ። በ2017 (እ.ኤ.አ.) የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት አለ፣ ስልካቸው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰዎች ድምፁ ጠፍቶም ቢሆን ሌላ ክፍል ከተዉት ሰዎች የጭንቅላት ፈተና ላይ ያነሰ ነው የሠሩት። በኋላ የደገሙት ሁሉም ያንኑ ውጤት አላገኙም፣ ግን ሌላ ክፍል ማስቀመጥ ምንም አያስከፍልም አይደል?

«አንድ መልዕክት ብቻ አይቼ ልመለስ» የሚባለው ነገር ላይ ጠንከር በሉ። ሶፊ ለሮይ የምትባል ተመራማሪ በ2009 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየችው ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስንዘል የሐሳባችን ቁራጭ የድሮው ላይ ይቀራል። ግሎሪያ ማርክ የምትባል ሌላ ተመራማሪ ደግሞ ሰው ኮምፒዩተር ላይ አንድ ነገር ለምን ያህል ጊዜ እያየ እንደሚቆይ ለዓመታት ስትለካ ነበር፣ በ2004 (እ.ኤ.አ.) በአማካይ ሁለት ደቂቃ ተኩል የነበረው በቅርብ ዓመታት ወደ 47 ሰከንድ ወርዷል። 47 ሰከንድ! አንድ አንቀጽ እንኳን በደንብ አይነበብበትም።

ኖቲፊኬሽን ላይ፣ ሁሉንም አጥፉ የሚሉት ለኛ አይሠራም። የቴሌብርና የባንክ መልዕክት ሱቅ ላላችሁ የግድ ነው፣ ስልክ ጥሪም ይቆይ፣ ለቅሶም ሠርግም የሚነገረው በሱ ነው። ለቤተሰብ «አስቸኳይ ከሆነ ደውሉልኝ እንጂ አትጻፉልኝ» ብላችሁ አንዴ ንገሩና ወረቀቷ ላይ ያለውን በምትሠሩበት ሰዓት ዱ ኖት ዲስተርብ ላይ የነሱን ቁጥር ብቻ አሳልፉ። የቴሌግራም ግሩፖችን ሚዩትም አርካይቭም አድርጓቸው፣ አርካይቭ ብቻ ከሆነ አዲስ መልዕክት ሲገባ ግሩፑ ተመልሶ ላይ ይወጣል። የዕድሩንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ግሩፕ በቀን አንዴ ማየት ይበቃል። ሥራችሁ ራሱ ስልክ ላይ ከሆነ፣ ደላላም ነጋዴም፣ የጽሑፍ መልስ የምትሰጡበት ሰዓት ቁረጡ፣ ለምሳሌ 4 ሰዓትና 11 ሰዓት፣ ደንበኛ ቶሎ ይለምደዋል።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን፣ ከምሳ በኋላ። ፋኑ ይዞራል፣ ጋደም ተብሏል፣ አጫጭር ቪዲዮ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል፣ ቀና ስትሉ 10 ሰዓት ሆኗል እንቅልፉም አልተተኛም። ይሄ የእናንተ ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድሮ ገጹ ሲያልቅ ያልቃል፣ በ2006 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ኤዛ ራስኪን የሚባል ባለሙያ ማለቂያ የሌለውን ስክሮል ሠራ፣ በኋላ ራሱም ተጸጽቶበታል። ማለቂያውን እነሱ ካነሱት እናንተ ከውጪ አስገቡለት። አንሊሚትድ ከመግዛት ትንሽ ሜጋ ባይት ግዙ፣ ወይ ከምሳ በፊት ዳታውን ዝጉና ማየት የምትፈልጉትን ማታ አውርዳችሁ አቆዩ። ከዛ በእውነት ተኙ፣ 30 ወይ 40 ደቂቃ። የማትተኙ ከሆነ ከእናታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተጫወቱ፣ ድሬ ላይ የቤተሰብ ወሬ የሚወራበት ሰዓት እኮ ይሄ ነበር።

በርጫ (ጫት ለመቃም) ለሚቀመጡ ደግሞ ለብቻው ልናገር (ጀምሩ እያልኩ አይደለም፣ የሚቅም ሰው ስላለ ነው)። ምርቃና ላይ ያለ ጭንቅላት ፊቱ የተገኘውን ነገር ሁሉ ይዞ አይለቅም፣ ስልክ ከተገኘ ሙሉ ከሰዓቱ እዛው ያልቃል። ስልኮቹ በሙሉ በር ጋ አንድ ቦታ ይሰብሰቡ፣ ጨዋታው ሰው ከሰው ይሁን። የሚመጣው ትልልቅ ሐሳብና ዕቅድም ማታ ሲበርድ ይጠፋል፣ ደብተር አስቀምጡና ጻፉት፣ በነጋታው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንብባችሁ የሚረባውን ለዩ።

ማታ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ወጣ በሉ፣ ስልኩ ቤት ይቅር፣ ልጆች ካሏችሁ ይዛችኋቸው ውጡ።

መቼም አንዳንድ ቀን ይበላሻል። ያኔ «ከሰኞ ጀምሮ» አትበሉ፣ ድሬ ላይ ቀን ሁለቴ ይጀምራል። ጠዋቱ ካመለጣችሁ 10 ሰዓት ሲሆን ፊታችሁን ታጠቡና ወረቀቱን አይታችሁ ግማሽ ሰዓት ሥሩ። በሳምንት አንዴ ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ዲጂታል ዌልቢንግ የሚለውን ክፈቱና የትኛው አፕ ስንት ሰዓት እንደወሰደ እዩ፣ ቁጥሩን ወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉት። ሦስቱ ወር ሲያልቅ ያሰባችሁት ከተሠራ አዲስ ወረቀት ለጥፉ፣ ካልተሠራም ያኛው እዛው ይቆይና ጠዋት ላይ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨምሩለት።