አሮጌ ኮምፒውተር በሪሞት ዴስክቶፕ አልከፈት ሲል

በሪሞት ዴስክቶፕ፣ ማለትም የሩቅ ኮምፒውተርን በኔትወርክ ከፍቶ በሚያሠራው የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብሎ ሸዋሮቢት ያለውን የሱቅ ኮምፒውተር መክፈት ሲሠራ ቀላል ነው። እምቢ ሲል ግን አማራጩ ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ቆላው ድረስ መሄድ ነው። መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ከሆነማ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ መኪና ከመያዝ በፊት በስልክ የሚፈታውን ሁሉ መፍታት ያዋጣል።

እዚህ የምጽፈው ዊንዶውስ 7 ወይም ቀደም ያለ ዊንዶውስ 10 ስለተጫነባቸው አሮጌ ማሽኖች ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ባስቸገረ ቁጥር የሚታዘዘው መድኃኒት «ፎርማት ይደረግ» ነው። ከታች ከማነሳቸው ችግሮች አንዱም ፎርማት አይፈልግም።

1. መልእክቱን አንብቡት

ብዙ ሰው ሳያነብ «ኦኬ» ይላል። አታድርጉት፤ በስልክ ፎቶ አንሱት። መልእክቱ ከሦስት አንዱን ነው የሚነግራችሁ። ወይ ኮምፒውተሩን ማግኘት አልተቻለም። ወይ ተገኝቷል፣ ስሙን ወይም የይለፍ ቃሉን አልተቀበለም። ወይ ደግሞ ማንነቱን ማረጋገጥ አልተቻለም፤ ስለ ሰርተፍኬት (የማሽኑ ዲጂታል መታወቂያ)፣ ስለ ቀንና ሰዓት ያወራል። የመጀመሪያው የመንገድ ችግር ነው፣ ሁለተኛው የመግቢያ። ሦስተኛው አሮጌ ማሽን ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያደናግረው ነው፤ በቂ ቦታ እሰጠዋለሁ።

2. ደውሉ

ማሽኑ አጠገብ ያለ ሰው ከየትኛውም ፕሮግራም ይበልጣል። አጠያየቁን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። «ጋሼ፣ ኔትወርክ አለ ወይ?» ካላችሁ «አዎ፣ ስልኬ ላይ አለ» ነው መልሱ። ይልቅ «ጋሼ፣ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የኔትወርኩ ገመድ የተሰካበት ቦታ ላይ ትንሽዬ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች?» በሏቸው። ካልበራች ገመዱን ነቅለው «ቀጭ» እስኪል መልሰው ይሰኩት።

ስክሪኑ ከጠቆረ ማውሱን ያነቃንቁት። ማሽኑ ተኝቶ ከነበረ ችግሩ ያ ነው። የተኛ ኮምፒውተር በሪሞት አይከፈትም። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ «ስሊፕ» የሚለውን «ኔቨር» አድርጉት። ስክሪኑ ብቻ ቢጠፋ ችግር የለውም። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የኔትወርክ ካርዱን ፓወር ማኔጅመንት ክፈቱና ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክትም አንሱ። ይሄኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ እንዲነሳ ከፈለጋችሁ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት ማስተካከያ) ውስጥ መብራት ከተመለሰ በኋላ ምን እንደሚያደርግ የሚወስን ቦታ አለ፤ «ፓወር ኦን» በሉት። እኔ ይህን ከዩፒኤስ አስቀድማለሁ። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ ከማከፋፈያ አይለይም፣ የየሱቁ ዩፒኤስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባትሪው ሞቷል።

3. ዊንዶውሱ የትኛው ነው?

ዕትሙ ሆም (Home) ከሆነ እዚህ ላይ ያበቃል። ዊንዶውስ 7 ሆም ፕሪሚየምም ሆነ ዊንዶውስ 10 ሆም ወደ ሌላ ማሽን መግባት ይችላሉ፣ ወደ ራሳቸው ግን በሪሞት ዴስክቶፕ አያስገቡም። ፕሮፌሽናል፣ አልቲሜት ወይም ኢንተርፕራይዝ መሆን አለበት። ሆሙን አታልሎ የሚያስገባ ፋይል በፍላሽ ይዞ የሚዞር ሰው አይጠፋም። አልመክርም፤ አንድ አፕዴት ሲመጣ መሥራት ያቆማል፣ ውስጡ ምን እንዳለም አይታወቅም። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ እንደ ኤኒዴስክ ወይም ረስትዴስክ ያለ መተግበሪያ መጫን ይሻላል።

4. መንገዱ

ሁለታችሁም አንድ ቢሮ ውስጥ ከሆናችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ከከተማ ከተማ ከሆነ ግን በመካከል ቪፒኤን፣ ማለትም ሁለቱን ቦታዎች በኢንተርኔት ላይ እንደ አንድ ኔትወርክ የሚያገናኝ የተዘጋ መስመር፣ ያስፈልጋል። ራውተር ላይ 3389ን፣ ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበትን በር (ፖርት)፣ ለኢንተርኔት ክፍት አድርጎ መግባት ይቻላል የሚሉ አሉ። በተለይ አሮጌ ዊንዶውስ ላይ አታድርጉት። እ.ኤ.አ. በ2019 ዊንዶውስ 7 እና ኤክስፒ ላይ በዚህ በር ያለ ይለፍ ቃል የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቋረጠ ዓመታት ላለፉት ኤክስፒ ሳይቀር መጠገኛ እስከማውጣት ደርሷል። መጠገኛው ያልተጫነበት ማሽን ዛሬም ብዙ ነው። በዚያ ላይ በሞባይል ዳታ የሚሠራ ራውተር ብዙ ጊዜ ከሌሎች ደንበኞች ጋር የጋራ አድራሻ ነው የሚጠቀመው። የራውተሩ የውጭ አድራሻ በ10 የሚጀምር ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ፣ በሩን ብትከፍቱም ከውጭ የሚመጣ አይደርስበትም።

ቪፒኤኑ ተገናኝቷል ይላል፣ ሪሞቱ ግን አይገባም? የሁለቱን ቦታዎች አድራሻ አስተያዩ። ደብረ ብርሃንም ሸዋሮቢትም ራውተሮቹ ከፋብሪካ እንደመጡ 192.168.1 ላይ ከሆኑ፣ የእናንተ ኮምፒውተር የሚፈልገውን ማሽን እዚያው ቢሮው ውስጥ ያለ ይመስለዋልና ከቢሮው አይወጣም። አንደኛውን ወደ 192.168.50 ቀይሩት፣ አለቀ። ይህን የሚያክል ትንሽ ነገር ስንት ሰው ራውተር እንዲገዛ አድርጓል!

ትናንት የሠራው ዛሬ እምቢ ካለና በመካከል መብራት ሄዶ ከነበረ፣ ራውተሩ ለማሽኑ ሌላ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ሰጥቶት ሊሆን ይችላል። እዚያ ያለው ሰው በትእዛዝ መስኮቱ (cmd) አይፒኮንፊግ (ipconfig) ብሎ ያንብብላችሁ። ከዚያ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ አድራሻውን ለዚያ ማሽን ብቻ አስይዙት።

ፒንግ (ማሽኑ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ) አድርጋችሁ መልስ ካጣችሁ ማሽኑ ሞቷል አትበሉ። የዊንዶውስ ፋየርዎል ፒንግን ሊከለክል ይችላል። የሚሻለው በሩን ራሱን ማንኳኳት ነው። በትእዛዝ መስኮቱ ቴልኔት (telnet) ብላችሁ፣ አይፒውን፣ ከዚያ 3389ን ጻፉ። ባዶ ጥቁር ስክሪን ከመጣ በሩ ክፍት ነው። መገናኘት አልቻልኩም ካለ ወይ ሪሞት ዴስክቶፕ አልተፈቀደም፣ ወይ ፋየርዎሉ ዘግቶታል፣ ወይ ሌላ አንቲቫይረስ የራሱን አጥር ሠርቷል። ቴልኔት ራሱ ተዘግቶ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ ከኮንትሮል ፓናል፣ ፕሮግራምስ ውስጥ አብሩት።

5. ሰዓቱ

አሁን ወደ ዋናው መጣን። በመልእክቱ ውስጥ ቀን ወይም ሰዓት የሚል ነገር ካያችሁ፣ ወይም እዚያ ያለው ሰው «ዌብሳይት ሁሉ ሰርተፍኬት እያለ እምቢ አለኝ» ካለ፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ የሁለቱን ማሽኖች ቀን እዩ።

ሪሞት ዴስክቶፕ የሚገናኘው በሰርተፍኬት ነው። ሰርተፍኬት ደግሞ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ገደብ አለው። አንደኛው ማሽን ዓመታት ወደ ኋላ ከቀረ የሌላኛው ሰርተፍኬት ለእሱ ገና ያልተወለደ ነው። ቪፒኤኑም በሰርተፍኬት የሚሠራ ከሆነ እሱም አብሮ ይወድቃል።

ሰዓቱ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ የየትም አገር ችግር ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ታልቃለች። ማሽኑ ሶኬት ላይ እያለ ሰዓቱን የሚያስኬደው መብራቱ ነው፤ ባትሪዋ የምትሠራው መብራት ሲጠፋ ነው። መብራት በሚመላለስበት፣ ማታ ማታም ሶኬት በሚነቀልበት ሱቅ ቶሎ ብታልቅ አይገርምም። ካለቀች በኋላ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ማሽኑ ወደተሠራበት ዘመን ይመለሳል።

ሌላው የእኛው ነው። የግድግዳው ሰዓት ሦስት ሰዓት ሲል ኮምፒውተሩ 9፡00 ይላል። እኛ 2018 ዓ.ም. ላይ ሆነን እሱ 2025 ወይም 2026 ይላል። አንድ ትጉ ሠራተኛ ይህን ያይና «ተሳስቷል» ብሎ ያስተካክለዋል! በቅንነት ነው፣ አትቆጡ። ግን ኮምፒውተሩ 2018 ሲባል የፈረንጁን 2018 ነው የሚረዳው። የስድስት ሰዓቱ ልዩነት እንኳ ዶሜይን (ኮምፒውተሮቹን ሁሉ ከአንድ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሥርዓት) ባለበት መሥሪያ ቤት ለመከልከል ይበቃል፤ እዚያ የሚፈቀደው ልዩነት እንደተለመደው 5 ደቂቃ ብቻ ነው።

አስተካከሉ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የሰዓት ቀጠናውን እዩ፤ ዊንዶውስ ላይ አዲስ አበባ የሚል አታገኙም፣ ናይሮቢ ያለበትን፣ ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድመውን ምረጡ። ቀጥሎ ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር በእጅ አስገቡ። ከኢንተርኔት እንዲያስተካክል የምታዙት ከዚህ በኋላ ነው። ገና ከመጀመሪያው ይህን ከነካችሁ አይሠራም፤ ልዩነቱ በጣም ሲሰፋ ዊንዶውስ ለደኅንነት ሲል አላስተካክልም ይላልና። ሰው «ከኢንተርኔትም አልሆነ» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

ባትሪዋ ሲአር 2032 ትባላለች፤ ባለ 3 ቮልት ናት። ሰዓት ጠጋኞች ዘንድ ጠይቁ። ስትቀይሩ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉ፣ ከማውጣታችሁ በፊት የትኛው ፊቷ ወደ ላይ እንደነበር እዩ። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ግን በሽቦ የተያያዘች ናት፤ ያኔ ለጠጋኝ ስጡት።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። ባትሪዋ ስትሞት ወይም ስትወጣ የባዮሱ ምርጫዎች ወደ ፋብሪካው ይመለሳሉ። መብራት ሲመጣ እንዲነሳ ያደረጋችሁት ይጠፋል። የባሰው ደግሞ አንዳንድ ማሽን ላይ የሃርድ ዲስኩ አሠራር ከኤኤችሲአይ ወደ አይዲኢ ይቀየርና ዊንዶውሱ ገና ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ይህን ያየ ጠጋኝ «ዊንዶውሱ ሄዷል» ብሎ ፎርማት ያደርገዋል፣ የሱቁ ሒሳብ አብሮ ይሄዳል። ዳታው ግን ምንም አልሆነም። ባዮስ ገብታችሁ «ሳታ ሞድ» የሚለውን ወደ ነበረበት መልሱት፣ ይነሳል። ማሽኑ ደህና ሳለ የባዮሱን ገጾች በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

6. የይለፍ ቃል

ይለፍ ቃል የሌለው አካውንት በሪሞት አይገባም፤ ዊንዶውስ ራሱ ይከለክላል። የሱቅ ኮምፒውተር ደግሞ አብዛኛው ባዶ ነው። ፒንም አያስገባም፣ ሙሉው ይለፍ ቃል ነው የሚፈለገው። አካውንቱ አድሚን ካልሆነ በሪሞት እንዲገቡ ከተፈቀደላቸው ተጠቃሚዎች ዝርዝር ውስጥ መጨመር አለበት።

«ልክ ጽፌዋለሁ» እያላችሁ እምቢ ካለ ኪቦርዱን እዩት። ፓወር ግዕዝ ወይም ሌላ የአማርኛ መጻፊያ በርቶ ከሆነ በነጥቦቹ ስር ምን እንደተጻፈ አይታይም። ኖትፓድ ላይ ጻፉት፣ እዩት፣ አጥፉት።

7. የክሬድኤስኤስፒ ስህተት

መልእክቱ ውስጥ ይህ ስም (CredSSP፣ የመግቢያ መረጃን የሚያስተላልፈው የዊንዶውስ ክፍል) ካለ አንደኛው ማሽን እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ አፕዴት አልተደረገም ማለት ነው። አዲሱ ከአሮጌው ጋር መገናኘት አደጋ አለው ብሎ ነው የሚከለክለው። መፍትሔው አሮጌውን አፕዴት ማድረግ ነው። በራሳችሁ ማሽን ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ጥበቃውን ዝቅ አድርጎ መግባትም ይቻላል። ገብታችሁ አፕዴቱን እስክትጭኑ ብቻ ይሁን፣ ከዚያ መልሱት።

8. ገባ፣ ግን ይጎተታል

ከመገናኘታችሁ በፊት «ሾው ኦፕሽንስ» የሚለውን ክፈቱ። ቀለሙን ወደ 16 ቢት፣ የስክሪኑን ስፋትም ዝቅ አድርጉት። የጀርባ ሥዕሉን፣ ድምፁንና ፕሪንተሩን አጥፉ። በደካማ መስመር ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ከዚህ በኋላም ከተጎተተ ማሽኑ ራሱ ታፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ሸዋሮቢት ሞቃት ነው፣ አቧራም አለ። ጎኑ ተከፍቶ ማራገቢያው ይጠረግ።

እዚያ ሰው እየሠራበት ከሆነ ደውላችሁ ግቡ። እነዚህ ዊንዶውሶች የሚያስተናግዱት አንድ ሰው ብቻ ነው። እናንተ ስትገቡ እሳቸው ላይ ይቆለፋል፤ ደንበኛ ፊት ቆመው ደረሰኝ እየቆረጡ ሊሆን ይችላል።