ቻይናውያን የእንግሊዝኛ ተማሪዎችን የሚያሳስት የ«እግር መጎተት» ፈሊጥ

ለቻይናውያን እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ከሆነ፣ «ፑል ሰምዋንስ ሌግ» የሚለውን ፈሊጥ ቃል በቃል ከመፍታታችሁ በፊት በማንዳሪን «ቱዎ ሆውቱይ» የሚባል አነጋገር መኖሩን ልብ በሉ። የቻይንኛው አነጋገር የኋላ እግርን መጎተት ማለት ሲሆን፣ የሚነገረውም አንድ ሰው ባልደረባውን ወይም ቡድኑን ወደ ኋላ ሲያስቀር ነው፤ በእንግሊዝኛው ግን እግር መጎተት እውነት ያልሆነን ነገር እውነት አስመስሎ በመናገር ሰውን ለጨዋታ ያህል ማሞኘት ነው። ስለዚህ ጓደኛው «የነገው ፈተና ቀርቷል» ያለው ተማሪ «አር ዩ ፑሊንግ ማይ ሌግ?» ብሎ ቢመልስ፣ «የምርህን ነው ወይስ እየቀለድክብኝ?» ማለቱ እንጂ «እንቅፋት ሆንክብኝ» ማለቱ አይደለም።

ለእንቅፋቱ ወደ ኋላ ማስቀረት ማለት የሆነው የእንግሊዝኛው «ሆልድ ባክ» የሚለው ግስ ይስማማል፤ ለቀልዱ ደግሞ መቀለድ ማለት የሆነው የቻይንኛው «ካይ ዋንሺያው» ይቀርበዋል፣ እኔም ማስረዳቱን ከዚህ መጀመርን እመርጣለሁ። ፈሊጡ የቅርብ ሰዎች ጨዋታ በመሆኑ በመደበኛ ደብዳቤ ውስጥ አያምርም፤ ገንዘብ አታልሎ ለወሰደ አጭበርባሪም አይነገርም። «ሌግ» የሚለው ቃልም፣ የሚቀለድባቸው ሰዎች ብዙ ካልሆኑ በቀር፣ በነጠላ ቁጥር ይቀመጣል።