ጌጁ ቀይ ሳይነካ የሚፈላ ሞተር፦ የአሮጌ መኪና ሙቀት ችግርና መፍትሄ

ራዲያተሩ ውሃ መኖሩን፣ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) አለመላላቱን፣ ፋኑ መዞሩን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ሳያዩ ጋራዥ የሚመጡም አሉ፤ ይሁን።

ሜዳ ላይ ደህና ነው፣ ዳገት ላይ ይፈላል

ከተማ ውስጥ ምንም አይልም። የእንጦጦን ወይም የዓባይ በረሃን ዳገት ሲይዝ ግን ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ቆማችሁ ሞተር ስታጠፉ ይንዶቀዶቅና በቀጭኗ ጎማ በኩል ወደ ፕላስቲኩ ገንዳ ውሃ ይተፋል። ጌጁ፣ ማለትም ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ፣ ቀይ አልነካም። ሹፌሩ "ጌጁ ሞቷል" ይላል። አልሞተም፤ እውነቱን ነው የሚናገረው።

ደጋግሜ የማገኘው ምክንያት አንድ ነው፦ የራዲያተር ክዳን።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ 100 አይጠብቅም። ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ፣ በብዙ አሮጌ ቶዮታ መከፈት የሚጀምረው ደግሞ 82 አካባቢ ነው። በመሃል ያለው 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ውሃውን በግፊት አፍኖ መፍያውን ከ110 ዲግሪ በላይ የሚያደርስልን ክዳኑ ነው። ላስቲኩ ሲደርቅ ወይም ስፕሪንጉ ሲደክም ግፊቱ ያመልጣል። ያኔ ሞተሩ በደህናው ሙቀቱ ላይ እያለ ውሃው ይፈላል። ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስትወጡ ደግሞ ሞተሩ በጭነት ይግላል፣ ከፍታው ሲጨምር መፍያው ይወርዳል። ሁለቱ መንገድ ላይ ይገናኛሉ።

አንድ ደንበኛዬ ኮሮላውን ይዞ የመጣው አንዱ ጋራዥ ራዲያተር ቀይሮለት፣ ሌላው የውሃ ፓምፕ ቀይሮለት፣ ሦስተኛው "ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይፈታ" ካለው በኋላ ነበር። ክዳኑን ሳዞረው የታችኛው ላስቲክ እጄ ላይ ተፈረፈረ። አዲስ ራዲያተር ገዝተው የድሮውን ክዳን መልሰውበታል! ሌላዋ ደንበኛ ቪትዝ ነበራት። ክዳኑ ስለሚያፈስ ይሁን ምን፣ አንድ ብልህ ነኝ ባይ ከስሩ ፌስታል ጠቅልሎ አስሮበታል። ማፍሰሱ ቆመ። የላይኛው ማኒኮቶ (በሞተሩና በራዲያተሩ መሃል ያለው ወፍራም ጎማ) ግን ቀለበት መንገድ ላይ ፈነዳ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ስም የለኝም።

ክዳኑን የምታዩት ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ነው። የጋለ ክዳን አይከፈትም፤ በጨርቅም፣ "ቀስ ብዬ ነው" ተብሎም አይከፈትም። ፊቱና ክንዱ ተቃጥሎ የመጣ ሰው አይቻለሁ።

ስትከፍቱት የታችኛውን ላስቲክ በጥፍራችሁ ፈትሹ። ከተሰነጠቀ፣ እንደ ቀንድ ከደረቀ ወይም የራዲያተሩ አፍ ጠርዝ ጎድጉዶበት ከቀረ አልቆለታል። መሃሉ ላይ ትንሽ ቫልቭ አለች። ሳብ አድርጋችሁ ስትለቋት ተመልሳ መግጠም አለባት። እሷ ከተጣበቀች ሞተሩ ሲበርድ ውሃውን ከገንዳው አይመልስም። ምልክቱ ገንዳው ሞልቶ ራዲያተሩ መጉደሉ ነው። አንዳንዴ ጠዋት ማኒኮቶው ተመጥጦ ጠፍጥፎ ታገኙታላችሁ። የራዲያተሩን አፍም በጣታችሁ ዙሩት። ጠርዙ ከተጣመመ ወይም ነጭ ኖራ ከያዘ አዲስ ክዳንም አይረዳችሁ። ቀጭኗ ጎማም ገንዳው ውስጥ እስከ ታች ካልገባች የምትስበው አየር ነው።

ስትገዙ ላዩ ላይ ያለውን የግፊት ቁጥር እዩ። ብዙ ጊዜ 0.9 ወይም 1.1 ይላል። መኪናው ይዞት የመጣውን ቁጥር ግዙ። "ከፍ ያለው ይሻላል" ብሎ 1.1 በ0.9 ቦታ የሚያስር አለ፤ አሮጌ ራዲያተር የፕላስቲክ ጭንቅላቱ ይሰነጠቅና ጉዱ ይታያል። በዚያ ላይ ገበያው ቁጥሩ ብቻ ኦርጂናል በሆነ ክዳን ተሞልቷል። ስፕሪንጉን በአውራ ጣት ስትጫኑት እንደ እስክሪብቶ ስፕሪንግ ከገባ ትታችሁት ሂዱ። ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና የወጣ፣ ላስቲኩ ጤነኛ የሆነ ኦርጂናል ብታገኙ ከዚያ አዲስ ቆርቆሮ እመርጠዋለሁ።

ከቀየራችሁ በኋላ ሞተሩ በደንብ ሞቆ የላይኛውን ማኒኮቶ በጨርቅ ይዛችሁ ጨመቅ አድርጉ። ጠንከር ካለ ግፊት ይዟል። ልፍስፍስ ካለ ገና የሆነ ቦታ ያመልጣል።

ጌጁ ከታች አልነሳ አለ

ይሄ ብዙ ጊዜ የላይኛው ችግር ልጅ ነው። መኪናው ሲፈላ መካኒኩ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥለዋል። "ለአገራችን አየር አያስፈልግም" ይባላል። ያስፈልጋል። ሳይሞቅ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይጠጣል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። የኅዳር ጠዋት ላይ ሂተሩም ቀዝቃዛ አየር ይነፋባችኋል።

የባሰው ሌላ ነው። ቴርሞስታቱ ከታች ሁለተኛ ትንሽ ሳህን ካለው፣ ያ ሳህን ሞተሩ ሲሞቅ አቋራጩን መንገድ የሚዘጋ ነው። ቴርሞስታቱን ስታወጡ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። የጋለው ውሃ ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ሜዳ ላይ አይሞቅም፣ ዳገት ላይ ግን ይባስ ይፈላል።

መልሳችሁ አስገቡት። ትንሿ የአየር ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን። አሮጌውን ድስት ውስጥ አፍልታችሁ የምትፈትኑ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሱ። ብዙው ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው፤ የአዲስ አበባ ድስት ደግሞ እዚያ አይደርስም። በግማሽ ተከፈተ ብላችሁ ደህናውን አትጣሉ። ምንም ካልተነቃነቀ ግን ጣሉት።

ትራፊክ ላይ ይሞቃል፣ ሲሄድ ይበርዳል

ፋን ነው። ኤሌክትሪክ ፋን ከሆነ ሽቦው ተገልብጦ ወደ ፊት እየነፋ እንዳይሆን ከራዲያተሩ ፊት ወረቀት አስጠግታችሁ እዩ፤ ራዲያተሩ ላይ መለጠፍ አለበት።

ረጅም መንገድ ላይ ጌጁ ቀስ እያለ ይወጣል

ራዲያተሩ ተደፍኗል። የቧንቧ ውሃ ብቻ ለዓመታት ሲጠጣ የኖረ ራዲያተር ውስጡ እንደ አሮጌ ማንቆርቆሪያ ኖራ ይዟል። አስፈትታችሁ አስጠርጉ፣ ከዚያ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አስገቡ። ቀዳዳ ለመድፈን የሚጨመረውን ዱቄት እባካችሁ ተዉት፤ ጤነኛውንም ቧንቧ ይደፍናል።

በቀዝቃዛ እንደተነሳ ማኒኮቶው ድንጋይ ይሆናል፣ ውሃው አረፋ ይሠራል

ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል። ክዳን አያድነውም፤ ቴስታታው ይወርዳል፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ይስተካከላል። እዚህ የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ "ከተማ ልግባ" ተብሎ እየፈላ መነዳቱ ነው። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፋም አለ፤ ያኔ ቴስታታው ራሱ ይሰነጠቃል።

ማንኛውንም ከሠራችሁ በኋላ አየሩን አስወጡ። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁሙ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፣ ክዳኑን ክፍት ትታችሁ በቀዝቃዛው አስነሱ። አረፋው እስኪቆም ቀስ እያላችሁ ሙሉ። መጉረፍ ሳይጀምር ክዳኑን ግጠሙ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን ሳታስነሱ ክፈቱና የጎደለውን ጨምሩ።